ወንድሜን «እርስዎ» ያልኩበት ቀን

ለምትናፍቂኝ ለእህቴ ለእትዬ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? ደረጃ ስወጣ ይቆረጥመኛል ያልሽው ተሻለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ችለሽው ዝም ብለሽ ነው? ባለቤትሽ ደህና ነው? የሌሊት ፈረቃው ቀረለት? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ትልቋ አሁንም ቁርሷን ሳትነካ ነው ትምህርት ቤት የምትሮጠው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን፣ አለን። እማዬን ሳሉ ለቋታል፤ ድምጿ ተመልሶ ከበረንዳ ላይ ሆና ሰፈሩን ሁሉ መቆጣጠር ጀምራለች። ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብን የለም ብዬ ደብዳቤዬን እንዳልዘጋ ግን ሆዴን የሚበላኝ ነገር አለ። በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር፤ ድምፅሽን ስሰማ አፌን ያዘኝ። ወረቀት ፊት ስለሌለው ይሻላል።

የዳቦ ቤቱ ምድጃ ጣሪያው መሰንጠቁን ነግሬሽ ነበር። ግንበኛው «አፍርሼ ካልሠራሁት አይሆንም፤ እስክጠራህ ድረስ እግርህን እዚህ እንዳላይ» ብሎ አባረረኝ። መቼም ታውቂኛለሽ፣ ሊጥ ካላቦካሁ እጄን የት እንደማስቀምጠው አላውቅም። በዚህ መሀል ነው ትልቁን ከተማ ሄጄ ልየው የሚል ሐሳብ የመጣልኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ስለ ከተማው ሳወራ ኖሬ አንድ ቀን እንኳ አልረገጥኩትም። ደንበኞቼ ዳቦው እስኪወጣ የምተርክላቸው ፎቅና ድልድይ ሁሉ ከሹፌሮች አፍ የለቀምኩት ነው።

እዚያው ከተማ ላለው ለትንሹ ወንድማችን ደወልኩለት። አድጎ ጢም ቢያበቅልም ለእኛ ያው ትንሹ ነው። ቅዳሜ እመጣለሁ ስለው በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። «ክፍሌ ጠባብ ናት፤ ግን ጋሼ፣ አንተ አልጋው ላይ ትተኛለህ፣ ለእኔ ወለሉ ይበቃኛል» አለኝ። እኔ ግን ረቡዕ ተሳፈርኩ። እሱ ዘንድ ሳልደርስ በፊት ጥቂት ቀን ለብቻዬ፣ ማንም ሳይመራኝ፣ ሆቴል ይዤ እንደ ጎብኚ ልንቀባረር ብዬ ነው። ለሠርግ ያሰፋሁትን ሱፍ ለበስኩ።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ትንሹ «ትልቅ የልጆች ዕቃ መደብር ሥራ አገኘሁ» ከማለት በቀር ለማንም ምንም አላለም። «ኃላፊ ነው» ብዬ ለሰፈሩ ያወጅኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ «ሳይሾሙት አይቀርም» አልኩ፣ ቀጥዬ «ሾሙት» አልኩ፣ እያደር እኔም አመንኩት።

አውቶቡሱ ላይ አጠገቤ የተቀመጠችው መምህርት ነበረች። አትሳቂ እትዬ። ባሏ የሞተባት፣ ለዛዋ የሚጥም፣ ከእኔ ብዙ የማትበልጥ ሴት ናት። ከተማው ውስጥ ነው የምታስተምረው። የእኔን ሥራ ስትጠይቀኝ «የዳቦ ድርጅት አለኝ» አልኳት፤ የወንድሜን ስትጠይቀኝ «የመደብር ኃላፊ» አልኳት። ስንወርድ «ነገ ከሰዓት ሥራ የለኝም፤ ከፈለጉ የድሮውን ሰፈር ላሳይዎት» አለችኝ። የሱፌ ቁልፍ ሊበጠስ ምንም አልቀረው።

ሆቴሉ ውስጥ የሆንኩትን ብትሰሚ በሳቅ ትሞቻለሽ። መብራቱን ባበራው ባበራው እምቢ አለኝ። ተበላሽቷል ልበል ወይስ የማላውቀው ነገር አለ እያልኩ መጋረጃውን ከፍቼ ቁጭ አልኩ። በመጨረሻ የፅዳት ሠራተኛዋ ገብታ በር የምከፍትበትን ካርድ ከእጄ ወስዳ ግድግዳው ላይ ሰካችው፤ ክፍሉ ቦግ አለ። «እኔም አውቄዋለሁ፤ ዓይኔን ላሳርፍ ብዬ ነው» አልኳት። ውሸት እንዲህ በትንሹ ትጀምርና እግሯን ታጠነክራለች።

በማግስቱ ከሰዓት ከመምህርቷ ጋር ስንዞር ቆየን። የድንጋይ ቤቶቹን፣ የወንዙን ዳር፣ ሰው እንደ ጉንዳን የሚርመሰመስበትን አደባባይ አሳየችኝ። መንገድ ስንሻገር ክንዴን ያዝ ታደርገኝ ነበር፤ እኔም ከሚያስፈልገው በላይ ተሻገርኩ። ወደ ማታ ገደማ ፀሐይዋ ሳትበርድ በአንድ ባለ መስታወት መደብር በኩል እናልፋለን። በሩ ላይ የድብ ልብስ የለበሰ ሰው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ የድቡን ጭንቅላት አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ውኃ ይጠጣል። ፀጉሩ በላብ ግንባሩ ላይ ተለጥፏል። ልጆች ከብበውት ጅራቱን ይጎትታሉ።

ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ትንሹ ነው።

እትዬ፣ ፊቱ እንዴት እንደበራ ባየሽ። «ጋሼ!» ብሎ ብድግ አለና በነዚያ ግዙፍ የድብ እግሮች ዱብ ዱብ እያለ፣ እጆቹን ዘርግቶ መጣ። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። መምህርቷ ዞራ አየችኝ። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው?

«ይቅርታ፣ ሰው ተሳስተዋል» አልኩት።

ያን በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩትን ልጅ፣ ከሊጡ ላይ ቆርሼ የዳቦ ወፍ እየሠራሁ ያባበልኩትን ልጅ «እርስዎ» አልኩት። አክብሮት መስሎ ሰው የሚገደልበት ቃል እንዳለ ያን ዕለት አወቅኩ። የተዘረጉት እጆቹ ቀስ ብለው ወረዱ። አንዴ መምህርቷን፣ አንዴ ሱፌን አየ፤ ሁሉም ነገር ገባው። «ይቅርታ ጌታዬ፤ ወንድሜን መስለውኝ ነው» አለና የድቡን ጭንቅላት አጠለቀው። ወዲያው አንዲት ሕፃን እጁን ስትስበው አነሳትና መደነስ ጀመረ። ውስጡ ሆኖ ፊቱ ምን እንደሚመስል ማየት አልቻልኩም።

መንገዳችንን ቀጠልን። መምህርቷ «ጋሼ ብሎ ሲጠራዎት የሚያውቅዎት መስሎኝ ነበር» አለች። «ከተማ አይደል፣ ሁሉም ጋሼ ነው» አልኳት። አፍንጫዬን ትክ ብላ አየችው። እኔም ትንሹም የወረስነው ይህ የአባባ አፍንጫ የት ይደበቃል? ማዕዘኑ ላይ ስንደርስ ደክሞኛል አለችኝ፤ በደህና ይግቡ ብላ ሄደች። ዘወር ብላም አላየችኝ።

ራት አልበላሁም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ጠዋት ሱፉን ጠቅልዬ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩና በሥራ ሸሚዜ ወደ መደብሩ ሄድኩ። ዘበኛው «ድቡን ለምን ፈለግኸው?» አለኝ። «ወንድሜ ነው» አልኩት። ቃሉ እንዴት ቀላል ነበር! መምህርቷ በሌለችበት።

ትንሹ በጓሮው መጋዘን፣ በካርቶኖች መሀል ቆሞ ልብሱን እስከ ወገቡ አጥልቋል። ሲያየኝ አልደነገጠም፣ ፊቱንም አላጠቆረብኝም። «ቁርስ በላህ?» አለኝ። በጥፊ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። «ትናንት እኔ...» ብዬ ስጀምር ጀርባውን ሰጠኝና «እስቲ ዚፑን ሳብልኝ፤ እጄ አይደርስልኝም» አለ። ሳብኩለት። ስቸኩል ዚፑ ፀጉሩን ነከሰ። «ቀስ በል ጋሼ፣ ይህ ድብ ከእኔ ይልቅ ይከበራል» ብሎ ሳቀ። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ቆሜ ፊኛ ስይዝለት ዋልኩ። ማንም ሳይጠይቀኝ ለእናቶቹ ሁሉ «ወንድሜ ነው» እያልኩ አወራለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። መምህርቷ ብታልፍ ብዬ መንገዱን ሳይ ዋልኩ። አላለፈችም።

እሱ ዘንድ ሰነበትኩ። ክፍሉ በእርግጥም ጠባብ ነው፤ በሩን ለመክፈት አልጋውን ገፋ ማድረግ አለብሽ። አልጋውን ለቀቀልኝ፣ ሸሚዜን አጥቦ ሰቀለልኝ፣ ጓደኞቹን አስተዋወቀኝ። ያን ነገር ግን አንድም ቀን አላነሳውም። ላነሳው ስል ወሬ ይቀይራል። ይቅር ብሎኝ ይሁን ተስፋ ቆርጦብኝ አላውቅም።

ስመለስ መናኸሪያ ድረስ ሻንጣዬን ተሸክሞ ሸኘኝ። ሻንጣውን የተቀበለው አንድ ተሳፋሪ ወደ እኔ እያየ «ምንህ ናቸው?» አለው። ትንሹ ዞሮ አየኝ። ልበል ወይስ አልበል ብሎ ከእኔ ፈቃድ እየጠበቀ ነበር። ያን አስተያየት እስክሞት አልረሳውም። «ወንድሙ ነኝ» አልኩ።

ቤት ስደርስ ለእማዬ ሥራውን ነገርኳት። ኃላፊ እንዳልሆነ፣ እኔ እንደዋሸሁ፣ ድብ ለብሶ ልጆች እንደሚያስቅ። ትንሽ አሰበችና «ይስቁለታል?» አለች። «በጣም» አልኳት። «እንግዲያው ምን አለበት» አለች። ከዚያ ራሴን ይዛ ሳመችኝና «ያን ሁሉ መንገድ ወንድምህን ብለህ ሄደህ ያየኸው፣ ወንድም እንዳንተ ነው፤ ተባረክ» ብላ መረቀችኝ። አሜን አልኩ እትዬ። ሌላ ምን እላለሁ? ያደረግሁትን ለእሷ ለመንገር ወኔ አላገኘሁም። ምድጃው ተጠግኗል፤ ዳቦው እንደ ድሮው እየወጣ ነው። ምርቃቱ ግን እስካሁን ያቃጥለኛል።

አንቺን የምለምንሽ ስትደውዪለት እንዲሁ በወሬ በወሬ ስለ እኔ ጠይቂው። ክፉ ከተናገረኝ ሳትደብቂ ንገሪኝ፤ ደስ ይለኛል። ምንም ካላለ ደግሞ፣ ምንም አላለም ብለሽ ጻፊልኝ።

ባለቤትሽን ጥብቅ አድርገሽ ሳሚልኝ። ትልቋን ቁርስሽን ብዪ ብሏል በያት፤ ወንዱን ልጅሽን ጉንጩን ንከሺልኝ፤ አማትሽን እጅ እነሣለሁ። እማዬ «ልጄ ሆይ፣ ጉልበትሽን ቅባት አሺው» ትልሻለች። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊውም ሰላም በልልኝ ብሎኛል፤ ስለ ከተማው ሊጠይቀኝ በየቀኑ ይመጣል፣ እኔም ዳቦ እየቆጠርኩ አልሰማሁም እለዋለሁ።

ያፈረው ወንድምሽ

ከዳቦ ቤቱ ጓዳ፣ ዱቄት በተነሰነሰበት ጠረጴዛ ላይ፤
እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ባባራበት ሳምንት።