ከሃያ ደቂቃ በኋላ

ለማከብርሽና ለምሳሳልሽ ለእትዬ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ወገብሽ ተሻለሽ? አባባስ እንዴት ነው፣ ያ ግራ ጎኑ ላይ የጀመረው ቁስል ደረቀለት? እኔ ጤናዬ ደህና ነው፣ ፈጣሪ ይመስገን። ከጤናዬ በቀር ግን ደህና የሆነ ነገር የለኝም። ሰሞኑን ሦስት ጊዜ ደውዬልሽ ድምፅሽን ስሰማ ስለ ብርዱ አውርቼ ዘጋሁት። ፈሪ ነኝና በወረቀት መጣሁብሽ።

ስለ ሥራዬ ስትጠይቂኝ ሁልጊዜ ተኮፍሼ ነው የምነግርሽ። ዛሬ እውነቱን ልንገርሽ። ያን ፕሮግራሚንግ የሚያስተምር ድረ ገጽ የሠራሁት እኔ አይደለሁም፤ እኔ ጠጋኙና ፈታሹ ነኝ። አንድ ነገር በተለወጠ ቁጥር እንደ ተማሪ ሆኜ እገባለሁ፤ መልመጃውን እከፍታለሁ፤ መልሱን ከማስታወሻዬ ገልብጬ እለጥፍና “አስገባ” የሚለውን ቁልፍ እጫናለሁ። አረንጓዴ ምልክት ይመጣል። ቀጣዩ። አርባ ሁለቱንም መልመጃ ሻዬ ሳይቀዘቅዝ እጨርሳለሁ፤ በዚህም እኩራራ ነበር። እስቲ አሁን ይሄ ፍተሻ ነው? መልሱን ይዞ የገባ ሰው ምኑን ፈተሸ!

ባለፈው ሳምንት አለቃችን ጠራችኝ። ተማሪዎች ሰባተኛው ትምህርት ላይ ሲደርሱ ለምን እንደሚያቋርጡ ፈልግ አለችኝ። ስለሚከብዳቸው ነዋ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና፣ ፈልግ ነው ያልኩህ እንጂ ገምት አላልኩህም ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ፈለግሁ። ለካ ገጹ ተከፍቶ ሃያ ደቂቃ ካለፈው ማን እንደሆንሽ ይረሳል። አይነግርሽም እኮ፤ የጻፍሽው ሁሉ ፊትሽ ላይ እንዳለ ነው። “አስገባ” ስትዪው ግን የሚልከው ባዶ ነገር ነው። ያኔ “መልስዎ ልክ አይደለም፤ ረጋ ብለው እንደገና ያስቡበት” ይላል። ያቺን ዓረፍተ ነገር የጻፍኳት እኔ ነኝ፤ ትሁት መስላኝ ነበር። ረጋ ብለው! ረጋ ያለውን ሰው እኮ ነው የሚጥለው። እስከ ስድስት ያሉት አጫጭር ስለሆኑ ማንም አይነቃበትም፤ ሰባተኛው የመጀመሪያው ረጅም መልመጃ ነው።

ተማሪው የሚጽፈው ረቂቅ ለብቻው ይቀመጣል። ካቋረጡት ተማሪዎች አንዷ አንቺ ነሽና ያንቺን ረቂቅ ከፈትኩት። አሥራ ሁለት ጊዜ ሞክረሻል። ከሁለተኛው እስከ አሥራ አንደኛው ያሉት በሙሉ ልክ ናቸው። አምስተኛው እንዲያውም እኔ ከምለጥፈው መልስ ያጥራል። በየመሃሉ አንድም ፊደል ያልተጻፈባቸው ሩብ ሰዓቶች አሉ፤ አባባን የምታገላብጪበት ሰዓት መሆኑን ለማወቅ ጠንቋይ መቀለብ አላስፈለገኝም። አሥራ ሁለተኛው ላይ ኮድ የለም። “አልቻልኩም፣ ይቅርታ” ብለሽ ነው ያስገባሽው። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላው የገባ እሱ ብቻ ነው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በስልክ ነግረሽኝ ነበራ! ልክ የጻፍኩ ይመስለኛል፣ እሱ ግን ስህተት ነው ይለኛል ብለሽ። እኔ ምን አልኩሽ? ገጹ አይሳሳትም፣ አንቺ ነሽ ሐሳብሽን የማትሰበስቢው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። ሐሳብሽ የሚበተነው የሁለታችንን አባት ብቻሽን ስለያዝሽ መሆኑ ትዝም አላለኝ። ስፌትሽን ትተሽ ቤት የዋልሽው እኔ እዚህ ወንበር ላይ እንድቀመጥ ነው። ያ ኮርስ ደግሞ ከአልጋው አጠገብ ሳትርቂ የምትሠሪው ሥራ ሊያስገኝልሽ ነበር። ለዘመድ አዝማዱ ጭንቅላቴ አይቀበልም እያልሽ ስትስቂ፣ አፈር ልብላና፣ እኔም አብሬ ስቄያለሁ።

ስህተቱን አስተካክያለሁ። አሁን ገጹን ከፍቼ፣ ምሳ በልቼ ስመለስ ነው የምፈትሸው። ባልደረቦቼ “ምሳ ፈታሽ” የሚል ቅጽል አውጥተውልኛል፤ ይበሉ። ለአለቃችን ሁሉን ነገርኳት። ያንቺንም የሌሎቹንም ልክ መልሶች አስመዝግባ ስምንተኛውን ትምህርት አስከፍታላችኋለች። የማጠቃለያው ፈተና ምዝገባ ግን በወሩ መጨረሻ ይዘጋል። የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ቅዳሜ እመጣለሁ። አባባን እኔ እይዛለሁ፤ አንቺ በሩን ዘግተሽ ተማሪ። እንዴት እንደሚያገላብጡት አላውቅም፣ ታሳዪኛለሽ። አልፈልግም ካልሽ አልፈርድብሽም። አልቻልኩም ብለሽ ግን እንዳትተዪው፤ ችለሻል።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ ሁለት ወረቀት ቀድጄበታለሁ። የድሮ ቅሬታዎችን ሳገላብጥ ከሦስት ወር በፊት የተላከ፣ ስም የሌለው አንድ ቅሬታ አገኘሁ። አጫጭሮቹን ቶሎ ስጨርስ ይቀበለኛል፣ ተነስቼ ቆይቼ ስመለስ ግን ልክ የነበረው ስህተት ይሆናል፣ ምናልባት ሰዓት ይቆጥር ይሆን? ይላል። እኔ ሳምንት የፈጀብኝን በሁለት መስመር። ያኔ እስከ መጨረሻው እንኳን ሳላነበው “ችግሩ ከተጠቃሚው ነው” ብዬ ዘግቼዋለሁ።

ማን እንደጻፈው አልጠይቅሽም። ቅሬታ ሲዘጋ፣ ላኪው ስሙን ባይጽፍም፣ መልሱ በገጹ በኩል ይደርሰዋል፤ ከግርጌው የዘጋው ሰው ስም ከነአባቱ ስም ይወጣል። ያኔ የዘጋሁት ማክሰኞ ነው። “አልቻልኩም” ብለሽ ያስገባሽው በዚያው ሳምንት ሐሙስ ነው። በመካከሉ፣ ረቡዕ፣ ደውለሽልኛል። ሥራ በዝቶብሃል መሰለኝ፣ እንቅልፍህን ተኛ፣ አይዞህ ነበር ያልሽኝ።

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ ወገብሽን ያጽናልሽ። የአባባን ጉልበት ሳሚልኝ።

አንቺን እትዬ ለማለት አፉ የሚያፍረው፣
ታናሽ ወንድምሽ