የእባቡ መጽሐፍ ዋጋ

ይድረስ ቡታጅራ ለምትገኚው፣ እንደ እናት ላሳደግሽኝ ታላቅ እህቴ፤

አሰላሙ ዐለይኪ እታለም። ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? ባለፈው የላክሁልሽ ቅባት ካለቀ ንገሪኝ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ቀራንዮ ዝናቡ ጠንክሯል፤ የሰፈራችን መንገድ ተቆፍሮ ስለተተወ ሰልዋ ልጆቹን እያዘለች ነው ጭቃውን የምታሻግራቸው። ሃፊዛ የፊት ጥርሷ ወልቋል፤ ለአክስቴ ንገርልኝ ብላለች።

ልነግርሽ ፈልጌ ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ ስለ ቅባቱ ብቻ አውርቼ ዘጋሁ። ስለዚህ ጻፍኩልሽ።

ሰልዋ ከስሳኛለች አይደል? ለልጆቹ አልጋ ያስቀመጥነውን አሥራ ዘጠኝ ሺህ ብር አውጥቼ አንድ የእባብ መጽሐፍ መግዛቴን ነግራሻለች። አልዋሸችም። ያውም ሦስተኛው ነው። የመጀመሪያውን አየር ጤና ወንድሙ ከሚባል አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ በአራት መቶ ብር ገዛሁት፤ ሥዕል ብቻ ነበር። ሁለተኛው ወፈር ያለ ነው፤ እሱም የፈለግሁትን አልያዘም። ሦስተኛውን ከውጭ እንዲያስመጣልኝ ስጠይቀው ወንድሙ ራሱ ከለከለኝ። ይሄ እባብ ለሚያጠና ሰው ነው፣ ላንተ አያዋጣህም፣ ገንዘብህን ለቤትህ አድርገው አለኝ። ሰልዋም መጽሐፉን ስታይ ለመሆኑ ቀራንዮ ውስጥ እባብ የት አየህ አለችኝ። መልሱን ካንቺ በፊት ለሌላ ሰው መናገር አልቻልኩም።

እታለም፣ ኢርፋን ደውሎልኝ ነበር።

እባቡ የነከሰው ዕለት ነው፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ። ክሊኒክ ውስጥ ነበርኩ፣ መርፌ የምወጋው ሰው ክንዱን ገልጦ ከፊቴ ተቀምጧል። ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መሃል ይዤ ነው ልጅሽን ያናገርኩት። አጎቴ፣ ጥጥ ስለቅም እባብ ነካኝ፣ ረዥም ግራጫ ነው፣ ግን ብዙም አላመመኝም አለኝ። አብጧል ወይ አልኩት። አላበጠም፣ እሾህ የጫረኝ ነው የሚመስለው አለ። እንግዲያው መርዝ የለውም፣ ውሃ ጠጣና ጥላ ሥር ጋደም በል አልኩት። እሺ ዶክተር ብሎኝ ሳቀ። ነርስ መሆኔን እያወቃችሁ እናንተ ቤት ሁላችሁም እንደዚያ ነው የምትጠሩኝ። ለመግሪብ ሶላት ጓደኞቹ ሊቀሰቅሱት ቢሄዱ አልነሳ አላቸው።

ከዚያ ወዲህ አንድ መስመር ብቻ ነው የምፈልገው። ያላበጠ ንክሻ አይገድልም፣ ልጁን የወሰደው ሌላ ነገር ነው የሚል መስመር። ወይም ማንም ሐኪም ሊያውቀው አይችልም የሚል። ርካሾቹ መጻሕፍት ዝም ሲሉኝ ተስፋ አደረግሁ። ውዱ ግን ዝም አላለም። የረዥሙን ግራጫ እባብ ፎቶ አውጥቶ፣ ከሥሩ ጽፎታል፤ ቦታው ላያብጥ ይችላል፣ ሕመሙ ትንሽ ነው፣ ሰውየው ደህና ነኝ ይላል፤ ከዚያ የዐይኑ ቆብ ይከብዳል፣ ምላሱ ይተሳሰራል፣ በመጨረሻ ትንፋሹ ይቆማል። ሳይዘገይ ሆስፒታል ደርሶ ትንፋሹን ካገዙለት ግን ሊተርፍ ይችላል ይላል። ይህን አንብቤ መጽሐፉን ቁም ሳጥኑ ላይ ወረወርኩት። ብሩ ያኔ ነው የቆጨኝ።

ከሦስት ሳምንት በፊት አምላኩ ደወለ። አምላኩ የዚያ የጥጥ እርሻ ክሊኒክ ነርስ ነው፤ የኢርፋንን አስከሬን ያሳፈረልን እሱ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እንደዋወላለን። አንድ የወላይታ ልጅ ሲያርም እባብ ነክሶት መጥቷል፣ እግሩ ምንም ስላልሆነ ማደሪያው ልመልሰው ነው፣ ምን ትላለህ አለኝ። እግሩን ተወው፣ ዐይኑን እየው አልኩት። ሄዶ አየውና፣ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ሆኗል አለ። የእርሻውን መኪና አስነሣ፣ በእጅ የሚጨመቀውን የትንፋሽ ከረጢት ይዘህ አብረህ ግባ፣ ትንፋሹ ሲደክም እየጨመቅህ ሂድ፣ መንገድ ላይ እንዳታቆም አልኩት። ሁለት ሰዓት ሙሉ ጨምቆለታል። ልጁ ሆስፒታል ገብቶ በአምስተኛው ቀን በእግሩ ወጣ።

ሰልዋ ወሬውን ስትሰማ መጽሐፉን ከቁም ሳጥኑ አውርዳ በጨርቅ ጠረገችው። ዋጋውን አወጣ፣ ስለተናገርኩህ ይቅር በለኝ አለችኝ። እኔ ባኞ ቤት ገብቼ ውሃ ከፍቼ አለቀስኩ። ለዚያ ልጅ እናት ደስ እንዳይለኝ አይደለም። ግን እስከዚያ ቀን ድረስ የኢርፋን ቀን ደርሶ ነው እያልኩ ራሴን አባብል ነበር። የወላይታው ልጅ በእግሩ ከሄደ በኋላ ያን ማለት አቃተኝ።

አሁን መጽሐፉን ለአምላኩ ልኬዋለሁ። እዚያ ነው የሚያስፈልገው።

አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል። ለለቅሶ የመጣ ሰው ሁሉ፣ ልጁ ለማንም ሳይደውል ነው ወይ የሞተው እያለ ሲጠይቅሽ፣ እዚያ ኔትወርክ የለም፣ ለማን ይደውላል ስትይ እሰማሽ ነበር። እንደማታውቂ አምኜ ዝም አልኩ። በአርባው ሰደቃ ዕለት ግን የኢርፋንን ስልክ ቻርጅ አድርገሽ፣ እጅሽ ላይ ይዘሽ ወደ ጓዳ ጠራሽኝ። የደወለባቸውን ቁጥሮች ከፍተሽ አየሽ። ከዚያ አጥፍተሽ ቀሚስሽ ኪስ ውስጥ ከተትሽውና፣ አንተ ምግብ አልቀመስክም፣ ና ብላ አልሽኝ። በእጅሽ አጎረስሽኝ።

ቅዳሜ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና እመጣለሁ። በሩን ብትዘጊብኝም አላዝንብሽም፤ ደጃፉ ላይ ቁጭ እላለሁ።

አላህ ለኢርፋን ጀነተል ፊርደውስን ይወፍቀው፣ ላንቺ ሶብሩን ይስጥሽ፣ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ።

በእጅሽ ያደግሁት ታናሽ ወንድምሽ