ዶክተር ወርቅውሃ ደበሌና የዘገየው ምላሽ

ዶክተር ወርቅውሃ ደበሌ ከአባታቸው ከአቶ ደበሌ ዳምጤና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ሐና በሚያዝያ ወር 1972 ዓ.ም. በቡታጅራ ከተማ ተወለዱ። የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውንም እዚያው ተከታትለዋል። ከልጅነታቸው ጀምሮ የተሳሳተ ነገር ሰምተው ዝም ማለት አይሆንላቸውም ነበር። አንድ ቄስ በስብከት መካከል ዓመተ ምሕረት ሲሳሳቱ ከሴቶች ወገን ሆነው ማረማቸውን እናታቸው እስካሁን እያፈሩም እየሳቁም ያወሩታል።

በ1994 ዓ.ም. በዕፅዋት ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ይዘው ጉንችሬ በግብርና ባለሙያነት ተመደቡ። ከገበሬው የእንሰት ጓሮ ጠፍተው አያውቁም። በቡታጅራ አካባቢ በአንድ ስም የሚያውቁትን እንሰት የጉንችሬ ሰው በሌላ ስም እንደሚጠራው የተረዱት ያኔ ነው። ይህች ቀላል የምትመስል እውቀት ኋላ ብዙ ዋጋ አስከፈለቻቸው።

ሁለተኛ ዲግሪያቸውን አግኝተው ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በወልቂጤ ማስተማር ጀመሩ። በዚያም ከሰሜን መጥተው ከሚያስተምሩት ከዶክተር ፈቃደ ጋር ተዋወቁ። ምሳ አብረው ይበሉ፣ ስለ እንሰት ሲከራከሩም ሻያቸው ይቀዘቅዝ ነበር። በ2006 ዓ.ም. ዶክተር ፈቃደ ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ እንደሚልኩ ስለተነገረ የወርቅውሃ አባት የግቢውን በር ቀለም አስቀቡ።

በዚያ ዓመት ዶክተር ፈቃደ ስለ እንሰት አጠውልግ በሽታ ያደረጉት ጥናት በአንድ ሳይንሳዊ መጽሔት ታተመ። ጥናቱ አንዱን እንሰት በሁለት ስሙ ሁለት ዓይነት አድርጎ ቆጥሮት ነበር። በቡታጅራ ስሙ በሽታውን ይቋቋማል፣ በጉንችሬ ስሙ ግን አይቋቋምም ይላል። ወርቅውሃ ለመጽሔቱ አዘጋጅ አጭር ደብዳቤ ጻፉ። እንዲህ ያሉ መጽሔቶች ከኋላ ገጻቸው ላይ አንባቢ የሚያርምበት፣ ጸሐፊውም መልስ የሚሰጥበት ቦታ አላቸው። ታናሽ እህታቸው ሆሳዕና ለምን ቤቱ ሄደሽ አትነግሪውም ብትላቸው፣ «ቤቱ ብነግረው እሱና እኔ ብቻ እናውቃለን። ያነበበው ሁሉስ? ደግሞ መልስ ይጽፋል፤ አብረን ነው የምናስተካክለው» አሏት።

ደብዳቤው በየካቲት ወጣ። ከሥሩ ጸሐፊው ምላሽ እንዳልሰጡ የምትገልጽ አንዲት መስመር ነበረች። ዶክተር ፈቃደ ለባልደረቦቻቸው፣ «ለዓለም ከምትናገርብኝ በሬን ብታንኳኳ ምን ነበረበት?» ማለታቸው ተሰማ። ምሳ መብያቸውንም ቀየሩ። ፋሲካ አለፈ። አቶ ደበሌ እሑድ እሑድ ጋቢያቸውን ለብሰው በረንዳው ላይ ሽማግሌዎቹን ጠበቁ፤ ከዚያም ነገሩን ዳግመኛ ሳያነሡ በ2012 ዓ.ም. አረፉ። ዶክተር ፈቃደ ቀደም ብለው ወደ ሌላ ከተማ ተዛውረው ነበር።

ወርቅውሃ ሦስተኛ ዲግሪያቸውን ያዙ፤ ብዙ ተማሪ አስመረቁ። ትዳር አልመሠረቱም፤ ልጅም አልወለዱም። ብቸኛ ነበሩ፤ ቤተሰቡ ይህን የሚያሳምር ቃል አልፈለገም። ለመስቀል ቡታጅራ ይመጡና የሚታረም ፈተና አለኝ ብለው ቶሎ ይመለሳሉ። በመስከረም ምን ፈተና እንደሚታረም የጠየቃቸው አልነበረም። መጽሔቱ በደረሳቸው ቁጥር ከኋላ ይከፍቱታል፤ የሚፈልጉትን ሲያጡ ይዘጉታል። የተሳሳተው ጥናት ግን በሌሎች ጥናቶች ውስጥ መጠቀሱን ቀጠለ።

በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ በጉበት ሕመም ተይዘው በአዲስ አበባና በአታት ሆስፒታል ሕክምናቸውን ተከታተሉ። በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ዶክተር ፈቃደ ሊጠይቋቸው አታት ድረስ መጡ። አልጋው አጠገብ ብዙ ከተቀመጡ በኋላ፣ «ልክ ነበርሽ፤ ያኔም አውቄዋለሁ» አሉ።

እሳቸውም፣ «ለእኔ አትንገረኝ፤ ለአዘጋጁ ጻፍ» አሏቸው።

ዶክተር ፈቃደ ጻፉ። መጽሔቱ ግን ምላሽ የሚቀበልበት ጊዜ ካለፈ ዓመታት መቆጠራቸውን ገልጾ መለሰላቸው። ይህን ለበሽተኛዋ የሚነግር አንጀት ከቤተሰቡ ማንም አልነበረውም። ጠዋት ጠዋት «ወጣ?» ይላሉ፤ ሆሳዕናም «ይወጣል» ትላቸዋለች። ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ይህንኑ እንደጠበቁ በተወለዱ በ45 ዓመታቸው አረፉ።

እናታቸው ወይዘሮ ወለተ ሐና፣ እህታቸው ሆሳዕና፣ ወንድማቸው ቴዎድሮስና ልጆቹ፣ ያስተማሯቸውም ሁሉ በሐዘን ላይ ይገኛሉ።

ዶክተር ፈቃደ ምላሻቸው በዚህ የሕይወት ታሪክ ወረቀት ላይ እንዲወጣላቸው ለመኑ። ሆሳዕና እምቢ ብላ ነበር። እናታቸው ግን፣ «አትሙለት፤ ልጄ ስትጠብቀው ነው የኖረችው» ስላሉ እንዳለ ታትሟል።

«ለአዘጋጁ። ወርቅውሃ ደበሌ በጥናቴ ላይ የጻፈችው ልክ ነው። ሁለቱ ስሞች የአንድ እንሰት ናቸው፤ ስህተቱ የእኔ ነው። ደብዳቤዋ በሬን ማንኳኳቷ ነበር፤ ያልከፈትኩት እኔ ነኝ። ፈቃደ።»

አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን፤ በዚያ ቤት የሚጠብቁት መልስ አይኑርባቸው። አሜን።