ለኦቦ ለሚ ዳስ የመረጥኩት ሸራ

ማክሰኞ

የቀርከሃ መጋረጃው አይሆንም። ጠዋት ቡራዩ ድረስ ሄጄ አየሁት። ያምራል፣ ፎቶ ላይማ በጣም ያምራል። ግን ሻጩ አንዱን አንጠልጥሎ ሲያሳየኝ ትንሽ ነፋስ መጣና መንቋቋት ጀመረ። የሱሉልታ የከሰዓት ነፋስ ቢያገኘው ሰው ሻይ ለማዘዝ መጮህ ሊኖርበት ነው።

ኦቦ ለሚ ጎረቤታችን ናቸው። ቤታቸው የጎጃም መንገድ ዳር ስለሆነ ከባለቤታቸው ከአደ ጫልቱ ጋር ልምምድ ለጨረሱ ሯጮች ቁርስ ይሸጣሉ። ከቤቱ ፊት ለፊት በብረት ያሠሩት፣ ጣሪያ ያለው ግድግዳ የሌለው መቀመጫ አላቸው። እኔ ፐርጎላ እለዋለሁ፣ እሳቸው ዳስ ይሉታል። ጠዋት ፀሐይ በግቢው በኩል ዓይን ውስጥ ትገባለች፤ ከሰዓት መንገዱ አቧራውን ሻይ ላይ ያራግፋል። «አንቺ ተምረሽ የለ፣ መጋረጃ ምረጪልኝ» አሉኝ።

አርክቴክቸር ተመርቄ ከወጣሁ ወዲህ ሥራ የሰጠኝ የመጀመሪያው ሰው ናቸው። አባዬ ደግሞ በሚያውቀው ሰው በኩል ሆለታ አበባ እርሻ ውስጥ የመዝገብ ቤት ሥራ አግኝቶልኛል። የዛሬ ሳምንት መልስ ይፈልጋሉ። አበባ አልጠላም። ግን እዚያ ከገባሁ መሳል እንደማቆም አውቀዋለሁ። ይሄ ዳስ ካማረ «ይኸው፣ እኔ ነኝ ያሠራሁት» የምለው ነገር ይኖረኛል። አባዬም በየቀኑ በዚያ ነው የሚያልፈው።

ረቡዕ

ቀርከሃ፦ ይንቋቋል።
ላስቲክ፦ ነፋስ ይከለክላል፣ ግን ፀሐይ ስትወጣ ሰው ውስጡ ይቀቀላል።
መረብ፦ ፀሐይ ይቀንሳል፣ አቧራውን ግን እንዳለ ያስገባል።
ሸራ፦ ሁለቱንም ይችላል።

ስለዚህ ሸራ። ላይ የሚጠቀለል፣ በገመድ የሚወርድ፣ ነፋስ እንዳያነሳው ከታች የብረት ዘንግ ያለው። ሰበታ ሄጄ ሸራ ለሚሰፋው ለጀማል አዘዝኩ። የእህቴ የክፍል ጓደኛ ነበር፤ ከተመረቅኩ ጀምሮ «ኢንጂነሯ» ነው የሚለኝ። ነጭ ስለው አቧራ ይታይበታል፣ ቡኒ ውሰጂ አለኝ። ይታጠባል አልኩት። ነጭ ብርሃኑን ያለሰልሳል፣ ቦታውን ያሰፋዋል። ለኦቦ ለሚም ደውዬ ነገርኳቸው፤ ነጭ ንጹሕ ነው ብለው ተስማሙ።

ደስ ብሎኛል። እንቅልፍ እንቢ አለኝ እንጂ።

ዓርብ

ተሰቀለ። በአራቱም ጎን።

ኦቦ ለሚ ገና አላዩትም። ትናንት ጉልበታቸውን ለመታየት አዲስ አበባ ሄደው እዚያው ልጃቸው ጋ አደሩ። ሚኒባስ ሲገቡ ሁለት ሰው ደግፏቸው ስለነበር ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ ነው ያየው።

ለሥራው እንዲመቸን አግዳሚ ወንበሮቹን አውጥተን በአጥሩ ሥር ደረደርናቸው። ጀማል የሸራው እጥፋት እንዲለቅ እስከ መሬት ወርዶ ይደር አለ። አወረድነው። መንገዱን ተሻግሬ ከማዶ አየሁት። ነጭ፣ ቀጥ ያለ፣ ጸጥ ያለ። ፎቶ አንስቼ ለጓደኞቼ ሁሉ ላክሁ።

ቅዳሜ

ይሄን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

ጠዋት ሸራውን ልጠቀልል ስሄድ፣ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አግዳሚዎቹ ላይ ተቀምጠዋል። አንዷ ታለቅሳለች። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ታዬ በጋሪ ተጨማሪ ወንበር ያስወርዳሉ። ሯጮቹ በሩ ጋ ሲደርሱ ሩጫቸውን አቁመው፣ አንገታቸውን ደፍተው አለፉ። አንድም ቁርስ የጠየቀ የለም። ማን እንደሞተ ጋሽ ታዬን ጠየቅኳቸው።

«ለሚ ነዋ» አሉኝ።

ጉልበት ይገድላል እንዴ እያልኩ ስዞር ሸራዬን አየሁት። በር ላይ፣ ነጭ፣ እስከ መሬት የወረደ፣ ከጎኑ አግዳሚ የተደረደረለት። ባለቤቱ ደግሞ ሐኪም ቤት የሄደ። የለቅሶ ድንኳን ነው የተከልኩት።

ልናገር አፌን ስከፍት አደ ጫልቱ ምንም ሳይሰሙ ዳቦ ይዘው ከጓሮ ብቅ አሉ። ሴቶቹ ተነስተው እያለቀሱ አቀፏቸው። እሳቸውም ከሐኪም ቤት የመጣ፣ ለእሳቸው ብቻ ያልተነገረ መርዶ ያለ መስሏቸው ዳቦውን ለቀው ጮኹ። እኔ ስልኬን አውጥቼ ደወልኩ። ኦቦ ለሚ ራሳቸው አነሱ። ስልኩን ለአደ ጫልቱ ሰጠኋቸው፤ በኦሮምኛ እያለቀሱ ባላቸውን ሰደቧቸው፣ እየሰደቡ አለቀሱ። ያኔ ነው ሁሉም ሰው የተነፈሰው።

ከዚያ አደ ጫልቱ ወደ እኔ ዞሩ። አልተቆጡም። «አንሺው» ብቻ አሉኝ።

ጋሽ ታዬ ወንበሮቻቸውን እያስጫኑ «ዳሱን ድንኳን አደረግሽው እኮ ልጄ» አሉ። ሳቃቸውን ይዘው ነበር፤ ለእኔ ግን ከቁጣ አይሻልም።

አባዬ ሚኒባስ ውስጥ ሰምቶ ነው የመጣው። ራት ላይ ሆለታ ጠዋት ጠዋት ይበርዳል፣ ወፍራም ጃኬት ያስፈልግሻል አለኝ።

እሑድ

ኦቦ ለሚ መጡ። ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ ባዶው ዳስ ውስጥ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ያላለፈ ሰው የለም። አንዱ ገብቶ ይስማቸዋል፣ ሌላው ትከሻቸውን ይነካካል፣ የተቻኮለው ከመንገድ ሆኖ «አካም!» ብሎ እጁን ያነሳል። ሁሉም ግን መጀመሪያ የሚፈልገው ፊታቸውን ነው። አይቷቸው ነው ሰላም የሚለው።

የቀለሙ ነገር የጥፋቴ ግማሽ ብቻ ነበር። ሥዕሌ ላይ ፀሐይ ነበረች፣ ነፋስ ነበረ፤ መንገደኛ አልነበረም። አራቱንም ጎን አንድ ዓይነት አድርጌ ዘጋሁት።

እዚያው በስልኬ ጀርባ ላይ በጣቴ እየሳልኩ ነገርኳቸው። በግቢው በኩል ከላይ የሚወርድ ቡኒ ሸራ፤ ፀሐይዋ በዚያ ነው የምትመጣው፣ በዚያ የሚያልፍ ሰው የለም። በመንገዱ በኩል ግን ከታች ተነስቶ የተቀመጠ ሰው ደረት ላይ የሚያበቃ፤ አቧራው ከጎማ ነው የሚነሳው፣ ፊት ከላይ ይታያል። ነፋስ ትንሽ ይገባል፣ አልዋሸኋቸውም።

ጉልበታቸውን እያሹ አሁን ሸራ የሌለበትን የመንገዱን ጎን አዩት።

«ቶሌ፣ እሺ፣ ሞክሪ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አሉ። «ሁለተኛ ከገደልሽኝ ግን አልነሳም።»

ሰኞ

ጀማል ቡኒውን እየለካ እስኪደክመው ሳቀ። አሁን «የእድር ኢንጂነር» ሆኛለሁ። በአንድ ቀን እጨርሰዋለሁ ብሏል።

ነጩን ጋሽ ታዬ ለእድሩ ይሁነን ብለው ወሰዱት። ጥሩ ሸራ ነው አሉ።

ማክሰኞ

ጠዋት ሰቀልነው። ሯጮቹ መጀመሪያ በሩ ላይ ቆመው አመነቱ። ኦቦ ለሚ ከሸራው በላይ አንገታቸውን አውጥተው «ግቡ እንጂ፣ አለሁ» አሏቸው። ገቡ። ፀሐይዋ ቡኒው ሸራ ላይ ቀረች፤ ዓይኑን በእጁ የከለለ ሰው አላየሁም። አደ ጫልቱ እንቁላል ሳንዱች ሲያቀርቡ ሸራውን በመዳፋቸው ዳበስ አድርገው አለፉ። ለእኔ በቂ ነበር።

ከሰዓት ነፋሱ ተነሳ። አንዱ ጥግ ትንሽ ተራገበ፣ በገመድ አሰርኩት። ነገ ጀማል ቀለበት ይጨምርበታል።

አባዬ ከሥራ ሲመለስ ገብቶ ሻይ አዘዘ። እኔ ከጓሮ ሆኜ ነበር የማየው። የመንገዱ በኩል ተቀምጦ መንገደኛውን ሁሉ ሰላም ሲል ሻዩ ቀዘቀዘበት። ወደ ቤት ስንሄድ መንገድ ላይ፦

«ሆለታ ደወልኩላቸው» አለኝ።

«ምን አልካቸው?»

«ሥራ ይዛለች አልኳቸው።»

አንድ ዳስ ሥራ ይባላል? ከእሱ በኋላ ምንም የለኝም እኮ። አልጠየቅኩትም። እሱም ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ መራመዱን ቀጠለ። እርምጃውን ለማግኘት ትንሽ ሮጥ ማለት ነበረብኝ።