የጨለማ ሹም አምፖል

የካቲት 3

ጎረቤቴ መምህሩ ዛሬም መጋረጃውን በደንብ አልዘጋም። አንኳኩቼ ነገርኩት። "እሺ ጌታው፣ እንዳታስረኝ ብቻ" አለኝ። ጡረታ የወጣ የፊዚክስ አስተማሪ እንዲህ ያላግጣል? እዚህ ኮረብታ ላይ ቤት የሠራነው ሁላችንም ኮከብ ለማየት ነው። ከመሸ ወደ ውጭ የሚታይ መብራት ክልክል ነው፤ ተቆጣጣሪው እኔ። ማንም ባይመርጠኝም። "የጨለማ ሹም" ይሉኛል። የማልሰማ ይመስላቸዋል…

ኦብዘርቫቶሪዬን፣ የኮከብ ማያ ቤቴን፣ ጠራረግኩ። ባለቤቴ "የቆርቆሮ ሳጥንህ" ነው የምትለው። ጣሪያው በሐዲድ ተንሸራቶ ይከፈታል። ማለቴ… እሷ ስትገፋው። የቴሌስኮፑን መስታወት በእጄ ፈትጌ ነው የሠራሁት። "ከልጆችህ ይበልጥ እሱን ታቅፈሃል" ትላለች። ውሸቷን ነው። እኩል ነው።

የካቲት 4

ከኮረብታው ሥር ያለው ዶሮ አርቢ ዛሬም አምፖሉን አበራ! ወርጄ ጮህኩበት። ጫጩቶቹ እንዲሞቃቸው ነው አለ።

"ላባ ያለው ፍጥረት ምን ይበርደዋል?"

"ጋሼ፣ ጫጩት እኮ ገና ላባ አላወጣም።"

አላውቅም ነበር። እንደማውቅ ሆኜ ራሴን ነቀነቅኩ። መስኮቱን በጆንያ ሊሸፍን ቃል ገባልኝ።

የካቲት 7

ትናንት… ይሁን፣ ልጻፈው።

ፀሐይ እንደገባች ጣሪያውን ከፈትን። በደቡብ፣ በዶሮ አርቢው በኩል፣ ሰማዩ ቀልቷል። ደሜ ፈላ። "የሆነ ነገር አይሸትህም?" አለች ባለቤቴ። "የዶሮ ኩስ ነው" አልኳት። አዎ፣ እኔ ነኝ ይህን ያልኩት። ስልኬን አነሳሁ።

"አንተ ሰው፣ ጆንያው የት ገባ? ሰማዩን አበላሸኸው እኮ!"

"የኔ መስኮት ተሸፍኗል ጋሼ።"

"ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?"

በሩን ሲከፍት ሰማሁት። ከዚያ ጩኸቱ… "እሳት ነው! ጫካው እየነደደ ነው! ወደ እናንተ እየመጣ ነው!"

ዕድሜዬን ሙሉ ሰማይ ላይ አፍጥጬ እሳት መለየት አቃተኝ። ጎረቤት ያበራው አምፖል መሰለኝ! መስታወቱን ታቅፌ ቆሜ ቀረሁ። ባለቤቴ በኮሌታዬ ጎትታ መኪና ውስጥ ከተተችኝ። ስንወርድ ዶሮ አርቢው የውሃ ታንከሩን በትራክተር እየጎተተ ሽቅብ ሲወጣ አገኘነው። "እናንተ ሂዱ! እኔ የቻልኩትን ላርጥብ!"

የካቲት 8

ተመለስን። የመምህሩ ኦብዘርቫቶሪ ጉልላት ቀልጦ ወለሉ ላይ ፈሷል። የሌሎቹም አመድ ሆኗል። መምህሩ አመዱ መሐል ቁጭ ብሏል። ቢያላግጥብኝ በወደድኩ። የመኖሪያ ቤታችን ጣሪያ ግማሹ የለም፤ ከሳሎን ሰማይ በደንብ ይታያል።

የቆርቆሮ ሳጥኔ ግን ቆሟል! ጥላሸት ብቻ። ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝ አፈርኩ። ከዚያ እንደገና ደስ አለኝ።

በኋላ ሰማሁ። ዶሮ አርቢው የኔን ሳጥን ሲያረጥብ ነፋሱ ዞሮ እሳቱ ወደሱ ወርዷል። የዶሮ ቤቱ ነደደ። ሚስቱ ልጆቹንና የጫጩቶቹን ሳጥኖች ብቻ ነው ያወጣችው። አሁን ምን ብዬ ፊቱ እቆማለሁ?

የካቲት 9

ልሄድ ጫማዬን አሰርኩ። ፈታሁት። ፈሪ።

የካቲት 10

ሄድኩ። ሜዳ ላይ ሳጥኖቹን ብርድ ልብስ ሲያለብስ አገኘሁት። ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ።

"ስለዚያ ቀን… ስለጮህኩብህ…"

"ባይደውሉልኝ ኖሮ ልጆቹን አስተኝቼ እኔም እተኛ ነበር ጋሼ። ጩኸትዎ ነው ያተረፈን።"

ለጩኸቴ ምስጋና ሳገኝ የመጀመሪያዬ ነው። አንዱን ሳጥን ገልጬ አየሁ። ግማሾቹ ጫጩቶች ሞተው ደርቀዋል።

"ብርዱ እየጨረሰብኝ ነው" አለ። ምንም አልጠየቀኝም። አለመጠየቁ ባሰብኝ።

የካቲት 14

ኤሌክትሪክ ከተመለሰ ወዲህ ጫጩቶቹ ኦብዘርቫቶሪዬ ውስጥ ናቸው። ቴሌስኮፑን ፈታትቼ አልጋዬ ሥር አስገባሁት። አምፖሉን የሰቀልኩት ራሴ ነኝ፤ ሁለቴ ነዝሮኝ። በቆርቆሮው ቀዳዳ ሁሉ ብርሃን ይወጣል። ኮረብታው ላይ ሌላ መብራት የለም።

ሲመሽ መምህሩ መጣ። "ሹም! መብራት ይታያል!" አለ። ከእሳቱ ወዲህ ሲያላግጥ ይህ የመጀመሪያው ነው።

"ይታይ" አልኩት።

አጠገቤ ተቀመጠ። ጫጩቶቹን አብረን ሰማን። ኮከብ? በዚያ ብርሃን ምን ይታያል! ቅድም እንደ ልማዴ ወጥቼ ተቆጣጠርኩ። መብራቱ አልጠፋም።