ነቀርሳ የሌለበት ቀበሌ

አዋሳ፣ ኅዳር 13 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለምወድሽ ደብሪቱ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ያሳረርኩት ዓሣ ካልተቆጠረብኝ ደህና ነኝ። ዶሮዎችሽ ግን አኩርፈውኛል፤ ጥሬ ስበትንላቸው እንኳ የሚያዩት ወደ በሩ ነው።

ይህን ደብዳቤ በሾፌሩ በፍቅሬ እጅ የላክሁት ቀድሞኝ እንዲደርስ ነው። ድንገት በእህትሽ ደጅ ብቅ ስል ለቆጠራ የመጣሁ እንዳይመስልሽ።

ቆጠራውን ታውቂዋለሽ። መሥሪያ ቤቴ በቀበሌያችን በነቀርሳ የሞተውን ሰው አጣርተህ አቅርብ ካለኝ ወዲህ፣ ለቅሶ ቤት ከዘመድ ቀድሜ የምገኝ እኔ ሆንኩ። ምን ነበር ያመማቸው ስል መልሱ ያው ነው፤ ጨጓራ። ጡቷ ቆስሎ ለሞተችውም ጨጓራ፣ ጉሮሮው ተዘግቶ ለሞተውም ጨጓራ። በዚህ ስሌት ቀበሌያችን ከነቀርሳ ነጻ የወጣ የመጀመሪያው የአገራችን ምድር ነው፤ ሊቀመንበሩም በስብሰባ ላይ አስጨበጨበልን። እኔ ሰዉን ውሸታም አልኩት፣ ሰዉም እኔን ጥንብ አንሳ። "ሽበሺ የገባበትን ቤት ድንኳን ይከተለዋል" እየተባለ መሆኑን ስትነግሪኝ ሳቅሁ። አንቺ አልሳቅሽም።

በመስከረም "እህቴን ላስታምም" ብለሽ ስትሄጂም አመንኩ። ትናንት ፍቅሬ የእህትሽን የፀሐይን መልእክት አደረሰኝ። ታማሚዋ አንቺ ነሽ፤ ጡትሽ ላይ ላለው እብጠት ሰኞ ኦፕራሲዮን ትሆኛለሽ። ጎረቤታችን ታቢታ ዘንድ ሄድኩ። ለካ ከግንቦት ጀምሮ ታውቅ ኖሯል። ለምን እንደደበቀችኝ ስጠይቃት መሬት መሬቱን እያየች፣

"እትዬ ደብሪቱ ለምናኝ ነው፣ ጋሼ። 'ሽበሺ ከሰማ ይጽፈኛል' አለችኝ" አለች።

የሰውን በሽታ በየደጁ ስለቅም የኖርኩ ሰው፣ አንቺ ባልዲውን በግራ እጅሽ ማንሳት ስትጀምሪ "ግራኝ ሆንሽ እንዴ?" ብዬ ቀለድኩብሽ። 

ዛሬ ጠዋት የይለፍ ወረቀት ላወጣ ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ የጉዞዬን ምክንያት ጠየቀኝ። ባለቤቴ አዲስ አበባ ታማብኛለች አልኩት። ብዕሩን እንዳነሳ፣ "ምኗን ነው ያመማት?" አለ። እኔ በየለቅሶው የጠየቅሁት ጥያቄ ነበር፤ ከባድነቱን ያወቅሁት ለእኔ ሲቀርብ ነው። ወረፋ የያዙ ጎረቤቶቻችን ሁሉ መልሴን ይጠብቃሉ።

"ጨጓራዋን ነው" አልኩ።

ማንም አልሳቀብኝም። ከኋላዬ የነበሩት እማማ አበበች ብቻ ትከሻዬን ነካ አድርገው፣ "አይዞህ ልጄ፣ ጨጓራ ይድናል" አሉኝ።

ዓርብ እደርሳለሁ። ምን እንደሆንሽ አልጠይቅሽም፤ ባልዲውን ብቻ ከእጅሽ ልቀበል። የሐኪሞቹን እጅ አምላክ ይምራ፤ አንቺንም ለዶሮዎችሽና ለእኔ፣ በዚሁ ቅደም ተከተል፣ ይመልስልን።

ባልሽ ሽበሺ