ብረት ሲያልበው

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12

ዝናብ፣ ቀጥሎ ውርጭ፣ ቀጥሎ ደግሞ ዝናብ። ዛሬ ሱቄ ስድስት ጠመንጃ ለጥገና ገባ፣ ስድስቱም ውሃ እያንጠባጠበ። አዳኞቹ ጫማቸውን እንኳ ሳያራግፉ ነው የሚገቡት። ወለሉን ሁለት ጊዜ ወለወልኩ።

አባባ እንደ ልማዱ ምድጃው ጎን ተቀምጦ ነገር ይወጋኛል። የታላቅ ወንድሜን የጋሼን ጠመንጃ ፈትቼ፣ ጥይቱን የሚመታውን መርፌና ሞላውን በቤንዚን አጥቤ፣ አድርቄ፣ ቀጭን ዘይት በጨርቅ ጫፍ ሳስነካው፣ «ዘይት ነው የምትቀቢው ወይስ ሽቶ?» አለኝ። በዚህ ብርድ ከበዛ ይረጋል፣ መርፌው አይሄድም አልኩት። መቶኛ ጊዜዬ ነው። እሱ ሙያውን የተማረው ሞቃት አገር፣ ባሕር አጠገብ ነው። እዚያ ጠመንጃ በግሪስ ካልተለሰነ በሳምንት ይዝጋል። እዚያ ልክ ነው... እዚህስ? እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ሱቁን ለእኔ ትቶልኛል። ምላሱን ግን አልተወም።

ጋሼ ነገ ጠዋት ይወስደዋል። ከርከሮ ማሳቸውን የፈጀባቸው ገበሬዎች ጠርተውታል። ታላቅ ወንድሜ ሲጠሩት ደስ አይበለው... እሳት በማይነድበት ብርዱ ክፍል ሰቅዬለት ወጣሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 13

ጋሼ ገና ሳይነጋጋ መጣ። ማንገቻው ተበጥሶ ኖሯል፣ አላየሁትም። ጠመንጃውን ከብርዱ ክፍል አምጥቼ ምድጃው ጎን ቁጭ ብዬ ሰፋሁለት። «ቶሎ በይ እንጂ» እያለ አናቴ ላይ ይንቆራጠጣል። ሲቸኩል አይጣል ነው። የአባባን ትከሻ መታ አድርጎ ወጣ።

ዓርብ፣ ኅዳር 15

ጋሼ ሆስፒታል ነው።

ከርከሮው ዞሮ መጣበት። ምላጩን ሳበ... ጠቅ። ደግሞ ሳበ... ጠቅ ብቻ። ጭኑን ዘነጠለው። አብሮት የነበረው ፖስተኛ ባይተኩስለት ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ሌላ ነበር። ሐኪሙ «ይድናል፣ አካሄዱ ግን እንደ ድሮው ላይሆን ይችላል» አለ።

የሠራሁት እኔ ነኝ። ምኑን ነው የሳትኩት?

እሑድ፣ ኅዳር 17

ቁጭ ብድግ። እህል አልወርድ አለኝ። ዘይት አበዛሁ? ሞላውን አጥብቄ ገጠምኩት? ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በሐሳቤ እፈታዋለሁ፣ እገጥመዋለሁ። የሳትኩት የለም። ደግሞ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 19

ፖስተኛው ጠመንጃውን ይዞልኝ መጣ። ገና ስነካው ጣቴ ላይ ተጣበቀ። ቢጫ ግሪስ። አፈሙዙ ላይ፣ ቃታው ላይ፣ ብሎኖቹ ላይ። በዚህ ሱቅ ያንን ግሪስ የሚነካ አንድ ሰው ነው። ማታ እኔ ከወጣሁ በኋላ... ረቡዕ ጠዋት በብርዱ ረግቶ ስለነበር በችኮላው አላስተዋልኩትም።

እፎይ አልኩ። አዎ፣ እፎይ ነው ያልኩት። ውስጡን ልከፍተው እንኳ አላስፈለገኝም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 21

ጋሼ ቤቱ ገባ። አባባና እኔ አልጋው አጠገብ ተቀምጠን ነበር። ስለ ግሪሱ ነገርኩት። አባባ እዚያው እያለ።

«አባባ፣ ቀብተኸዋል?» አለው ጋሼ።

አባባ መጀመሪያ እኔን አየኝ። ከዚያ «ቀብቻለሁ» አለ። «እኔ ነኝ።»

ጋሼ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔም «ስንቴ ነገርኩህ» አልኩ። በሽተኛው ፊት፣ አፌን ሞልቼ።

ሰኞ፣ ኅዳር 25

ወሬው ተዳርሷል። ደንበኞቼ አልሸሹም፣ ይልቅ ያዝኑልኛል። «አንቺ ምን ታደርጊ፣ ሽማግሌውን ከሱቅ አርቂው እንጂ» አለኝ ፖስተኛው። ዓይኔን በጨው አጥቤ አባባን ቤት ዋል አልኩት። ኮቱን አነሳ፣ ሄደ። መጨቃጨቁን ለምጄው ኖሮ ዝምታው አስደነገጠኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 29

ሥራ እጄ ላይ አይረጋም። ያለ አባባ ሱቁ ጭር ብሏል። ከሰዓት በኋላ አባባ «ነፋስ ልቀበል» እያለ ይወጣል አሉ። በዚህ ዝናብ ምን ነፋስ?

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 4

የጋሼን ጠመንጃ ላጸዳው ብዬ ዛሬ ከፈትኩት።

ውስጡ ደረቅ ነው። አንዲት ነጥብ ግሪስ የለም። ያጠብኩት እንደታጠበ ነው፣ ሞላው ላይ ግን ዝገት። ቀይ፣ ሽንብራ የምታህል። ግሪስ ዝገት አያመጣም። ዝገት የሚያመጣው ውሃ ነው። ውሃው ከየት መጣ?

ቁጭ አልኩ። ከዚያ ትዝ አለኝ። ማንገቻውን ስሰፋ አፈሙዙ ጉም የለበሰ ያህል ነበር። በእጅጌዬ ጠረግሁት። ከብርድ ወደ ሙቀት የገባ ብረት ያልበዋል፣ ውጩም ውስጡም። ፈትታችሁ ሳታደርቁ እንዳትወጡ እያልኩ ለመጣው ሁሉ የምለፈልፈው እኔ ነኝ። ላዩን ጠርጌ፣ ውስጡን ሳላየው ሰጠሁት። ውርጩ ላይ ሲወጣ ላቡ በረዶ ሆኖ መርፌውን ያዘው። የገዛ ወንድሜን ለከርከሮ ሰጥቼ፣ አባቴን አባረርኩ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 5

ሱቁን ሳልከፍት ቀረሁ። አባባ ካልሲውን ለማድረግ ከጣቶቹ ጋር ይታገላል። ተንበርክኬ እያደረግሁለት፣ «ታውቅ ነበር?» አልኩት።

«ብረት ሲያልበው ምን እንደሚሆን እኔን ልታስተምሪኝ ነው?»

«ግሪሱስ?»

«ላዩን ነው የቀባሁት፣ ለዝናቡ። ውስጡንማ አንቺ ያልሽውን ሰምቼ አልነካሁትም።»

ሰምቼ አለኝ። ያን ሁሉ ጊዜ እየተሟገተኝ... ሰምቶኝ ነበር። አቀርቅሬ ቀረሁ።

በእጅጌዬ ስጠርገው አይቶኛል። ትከፍተዋለች ብሎ ጠበቀ። ልነግራት ብሎ ደግሞ፣ አሁንስ ምላስህ በዛ ትለኛለች ብሎ ተወው። «ስለዚህ የኔም እጅ አለበት» አለኝ።

«ለምን አልተናገርክም?»

«እኔ ጋ ጠመንጃ የሚያመጣ የለም። ስም የሚያስፈልገው ለሚሠራ ሰው ነው። በይ ሌላውን እግር አድርጊልኝ።»

ለጋሼ እንዳልነግረው አስማለኝ። ማልኩ። ምን ላድርግ?

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 7

መሐላዬን ልብላው ወይስ ይብላኝ? ጋሼ ቤት ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ሁለት ጊዜ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 8

ነገርኩት። ቆሜ፣ ካፖርቴን ሳላወልቅ። ይጮህብኛል ብዬ ነበር። ክራንቹን ቢወረውርብኝም አልሸሽም ብዬ ነበር።

ስለ እግሩ አንዲት ቃል አላነሳብኝም። «በየቀኑ ይመጣ ነበር» አለ።

«ማን?»

«አባባ። ከሰዓት በኋላ፣ በዝናብ። በሩ ላይ ቆሞ እንዴት ዋለ ይላታል ሚስቴን። ተኝቷል በይው እላታለሁ። እሱ እኮ ድምፄን ይሰማል... እዚህ ሆኜ ሳወራ። አሥራ ሰባት ቀን። እሺ እግሬስ ይድናል። እሱን ምን አድርጌ ነው የምመልሰው?»

ካፖርቱን አልብሼው አባባ ጋ ወደ ቤት መጣን። በየደረጃው እያረፈ፣ ክንዴን አልይዝም እያለ። አባባ ከነክራንቹ ሲያየው ከወንበሩ ለመነሳት ሞከረ፣ አቃተው። ጋሼ ወደ እኔ ዞሮ «አንቺ ውጭ ቆይ» አለኝ። በሩን ዘጋው።

እነሆ ወጥ ቤት ነኝ። ካሉበት ክፍል ድምፅ ይሰማል፣ ቃሉ አይለይም። አንዴ ጋሼ፣ አንዴ አባባ፣ ደግሞ ጋሼ። ልገባ ሦስት ጊዜ ተነስቼ ሦስት ጊዜ ተቀመጥኩ። ካልጠሩኝ አልገባም። ነገ ሱቁን ስከፍት መጀመሪያ ለፖስተኛው እነግረዋለሁ፣ ከዚያ ለሚመጣው ሁሉ።